ማማና የዱር ርግብ

በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ፣ በጋስኮኝ ጫካዎች፣ በየዓመቱ በጥቅምት ወር አዳኞች በዛፍ ላይ በተሠራ ጎጆ ተደብቀው፣ የታሰረች ርግብ ማታለያ አድርገው፣ የሚያልፈውን የዱር ርግብ መንጋ ይጠባበቃሉ። በጣና ዙሪያም ከፍ ያለ መጠበቂያ አለ፤ ስሙም ማማ ነው። ዳሩ ግን ማማ ላይ የሚወጣው ልጅ ወንጭፉን የሚያስጮኸው ወፉን ከማሽላው ለማባረር እንጂ ለድስት አይደለም።

የዚህ ልዩነት የቆየ ምስክር የሚገኘው ከስኮትላንዳዊው ከጄምስ ብሩስ መጽሐፍ ነው። ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ፣ በዚያው ዓመት ጢስ ዓባይንና ግሽን ያየ፣ ነፍጥ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ ታሪክ ሆዷ ቢጫ የሆነችውን የዱር ርግብ «ዋልያ» ብሎ መዝግቧል። ሥጋዋ ከርግብ ወገን ሁሉ የሚጥም ሆኖ ሳለ፣ የአገሩ ሰው እንደማይበላት፣ ሞታም ስትገኝ ለመንካት እንደሚጸየፍ ጽፏል። ነገሩ ግን የሚያስገርም አልነበረም። በሥላሴ ስም ሳይታረድ፣ በጥይት ከዛፍ የወደቀ ሁሉ በክት ነው፤ ርግብም በዮርዳኖስ የታየው የመንፈስ ቅዱስ አምሳል ናት።

በ1793 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ማየር ይህንኑ ስም ወደ ሳይንስ መዝገብ አስገባው። ባገሯ ግን ዛሬ ዋልያ ሲባል የሚታሰበው የስሜን ተራሮች እንስሳ ነው።

ዋነኛ ምግቧ የዋርካና የሾላ ፍሬ በመሆኑ ወፊቱ ከገበሬው ጋር ጠብ የላትም። የሚያሰጋት መጥረቢያ ነው፤ ትልልቁ ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በዘጌ ደን ተጠብቆ ሲቆይ፣ ከዚያ ውጭ ግን እየሳሳ ሄዷል።