“ሰዋኪኒ”፦ ከገዳሪፍ ሜዳ እስከ ጂዳ ገበያ የሚጓዘው የሱዳን የበረሃ በግ

በሳዑዲ አረቢያ የበግ ገበያ “ሰዋኪኒ” የሚለው ስም ሲጠራ ሻጩም ገዢውም ስለ ሱዳን በግ እንደሚያወሩ ያውቃሉ። ስያሜው የተወሰደው እንስሳቱ ከሚጫኑበት ጥንታዊው የቀይ ባሕር ወደብ ከሰዋኪን ነው። በጎቹ የሚያድጉት ግን ከባሕሩ ርቀው ነው። ከመነሻዎቻቸው አንዱ ከኢትዮጵያ ጋር የሚዋሰነው የገዳሪፍ ግዛትና በስተሰሜን የተንጣለለው የቡታና ሜዳ ነው።

የሱዳን የበረሃ በግ ሲባል አንድ ወጥ ዝርያ ማለት አይደለም። በኮርዶፋን ሐመሪና ከባሺ፣ በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ዱባሲና አሽገር፣ በቡታና ደግሞ ሹክሪያዎች የሚያረቧቸው በጎች በዚሁ ስም ይጠቃለላሉ። በብሉ ናይል በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚቀርበው ዋቲሽ ከሌሎቹ በአካል አነስ ይላል።

እነዚህ በጎች ቁመተ ረጅም፣ ጆሯቸው የተንጠለጠለ፣ ሰውነታቸው በሱፍ ሳይሆን በአጭር ጸጉር የተሸፈነ ነው። የጎለመሰ አውራ ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። የአፋርን በግ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩነቱ በላታቸው ይታያል። የአፋር በግ ለክፉ ቀን የሚሆን ስብ በላቱ ሲያከማች፣ የሱዳኑ በግ ጭራ ግን ቀጭንና ረጅም ነው። በኢትዮጵያ በኩል ቀጭን ጭራ ያላቸው በጎች የሚገኙት በዚሁ የድንበር ቆላ ነው፤ የጉሙዝና የሩታና በጎች ይባላሉ።

ታዲያ ስብ በጭራው ያላከማቸ በግ ድርቁን እንዴት ይቋቋማል? መልሱ በአብዛኛው በእግሩ ነው። በክረምት መንጋው ከገዳሪፍ ኮትቻ መሬት ጭቃና ከተናካሽ ዝንቦች ሸሽቶ ወደ ቡታና ይወጣል፤ በዚያም የዝናብ ውኃ ከሚጠራቀምባቸው “ሐፊር” ከሚባሉ ኩሬዎች ይጠጣል። ማሽላው ሲታጨድ ወደ ደቡብ ይመለሳል፤ በጋውን ቃርሚያ እየለቀመ፣ ወደ አትባራና ራሃድ ወንዞች እየተጠጋ ያሳልፋል። አጭሩ ጸጉር ሙቀትን ለማስወጣት፣ የተከማቸ ሽንት ማመንጨት የሚችለው ኩላሊት ደግሞ ውኃን ለመቆጠብ ያግዛሉ፤ መንገዱ ከተዘጋ ግን እነዚህ ብቻቸውን በቂ አይደሉም።

መንገዱ ደግሞ ሲጠብ ቆይቷል። በገዳሪፍ በትራክተር የሚካሄደው ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ እአአ በ1940ዎቹ ከተጀመረ ወዲህ የግጦሽ መሬት እየተሸረፈ ሄዷል። የኻሽም አል ጊርባ ግድብ በ1964 ከተገነባ በኋላም የቡታና ከፊል ገጽታ የመስኖ እርሻ ሆነ። ቀድሞ በነጻ ይገኝ የነበረው ቃርሚያ አሁን በብዙ ቦታ በገንዘብ የሚሸጥ ነው።

ንግዱም ቢሆን ክፍተት አላጣውም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ወደ ሳዑዲ ሊያቀና የነበረው ‘ባድር 1’ መርከብ ሰዋኪን ወደብ ላይ ሲሰጥም ከ15 ሺህ በላይ በጎች አልቀዋል፤ መርከቡ እንዲይዝ የተሠራው ግን 9 ሺህ ገደማ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ደግሞ ምዕራቡን የሱዳን ክፍል ከወደቡ ጋር የሚያገናኙ መስመሮችን አወከ። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው የምሥራቁ መንጋ ክብደት ከዚያ ወዲህ ጨምሯል።

ለአርቢው ግን ከመርከብም ከገበያም ይልቅ የሚያስፈራው በሽታ ነው። የበግና የፍየል ደስታ በሽታ በሱዳን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እዚሁ ደቡብ ገዳሪፍ ውስጥ እአአ በ1971 ነበር። ያኔ የከብት ደስታ በሽታ ተብሎ በስህተት ተለይቶ ነበር። የከብቱ በሽታ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ የበጉን እስከ 2030 ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተይዟል። ክትባቱ አንዴ ከተሰጠ ቢያንስ ለሦስት ዓመታት ይከላከላል። ይሁንና በመተማና በጋላባት መካከል መንጋ የሚሻገርበት ጊዜ ሁሉ በአንድ ወገን ብቻ የተሰጠ ክትባት ጥቅሙ ይሸራረፋል።