የሆቴል ክፍል በኢንተርኔት ጨረታ፡- አሠራሩና በስሜን ተራሮች አካባቢ ያለው ገደብ

በኢንተርኔት ዋጋ በማቅረብ የሆቴል ክፍልን ከመደበኛው ተመን ዝቅ ባለ ዋጋ መያዝ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት የተጀመረ አሠራር ነው፡፡ አሠራሩ በርካታ ሆቴሎች ባሉባቸው ትላልቅ ከተሞች መንገደኛውን የጠቀመ ቢሆንም በሁሉም ሥፍራ አንድ ዓይነት ውጤት አያስገኝም፡፡ በሰሜን ጎንደር ዞን በደባርቅና በዳባት ከተሞች፣ እንዲሁም ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው ቡይት ራስ ርካሽ ክፍል የሚገኘው በጨረታ ድረ ገጽ ሳይሆን ወቅትን በመምረጥ፣ በቀጥታ በመደራደርና ግዥን በማስተባበር ነው፡፡ ለመስክ ሥራ፣ ለሥልጠናና ለስብሰባ ሠራተኞቻቸውን ወደ አካባቢው የሚልኩ መሥሪያ ቤቶች ይህንን ልዩነት መገንዘባቸው በጀታቸውን በቁጠባ ለመጠቀም ያስችላቸዋል፡፡

የአሠራሩ አጀማመር

የሆቴል ክፍልን በኢንተርኔት ጨረታ የመሸጥ አሠራርን በስፋት ያስተዋወቀው ጄይ ዎከር በተባሉ አሜሪካዊ የተመሠረተውና እ.ኤ.አ በ1998 ሥራ የጀመረው ፕራይስላይን የተባለ ኩባንያ ነው፡፡ ኩባንያው በመጀመሪያ ለአውሮፕላን ትኬት፣ ቀጥሎም ለሆቴል ክፍል ደንበኛው ራሱ ዋጋ እንዲያቀርብ የሚያስችል አገልግሎት ዘርግቷል፡፡

በዚህ አሠራር መሠረት ደንበኛው የሚያድርበትን ከተማና የከተማውን ክፍል፣ የሆቴሉን የኮከብ ደረጃ፣ ቀኑንና ለመክፈል የፈቀደውን ዋጋ ይሞላል፡፡ የሆቴሉን ስም ግን አስቀድሞ አያውቅም፡፡ ከተመዘገቡት ሆቴሎች መካከል ከቀረበው ዋጋ በታች ለመሸጥ የተስማማ ካለ ጨረታው ወዲያውኑ ይጸድቃል፤ ገንዘቡ ከደንበኛው የክሬዲት ካርድ ተቀናሽ ይሆናል፤ የሆቴሉም ስም የሚገለጸው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ግዥው አይሰረዝም፤ ገንዘቡም አይመለስም፡፡ ሆቴሉ በጠየቀውና ደንበኛው በከፈለው መካከል ያለው ልዩነት የድርጅቱ ገቢ ይሆናል፡፡

የቀረበው ዋጋ ተቀባይነት ካላገኘ ደንበኛው ወዲያውኑ ዋጋውን ብቻ ከፍ አድርጎ በድጋሚ መጫረት አይፈቀድለትም ነበር፡፡ ወይ አንድ ቀን መጠበቅ አለበት፤ ወይም የከተማ ክፍል መጨመር ወይም የኮከብ ደረጃውን መለወጥ ይጠበቅበታል፡፡ ልምድ ያካበቱ ተጫራቾች የሚፈልጉት ደረጃ ያለው ሆቴል የሌለበትን የከተማ ክፍል እየጨመሩ ተጨማሪ የመጫረት ዕድል ያገኙ ነበር፡፡ ሌሎች ምን ያህል አቅርበው እንዳሸነፉ አስቀድሞ ማጥናትም የተለመደ ስልት ነበር፡፡

እ.ኤ.አ በ2000 የተቋቋመው ሆትዋየር ደግሞ ስሙን ደብቆ ዋጋውን በግልጽ የሚያሳይ ሌላ ዘዴ ይዞ ቀርቧል፡፡ ፕራይስላይን እ.ኤ.አ በ2005 መነሻውን ኔዘርላንድስ ያደረገውን ቡኪንግ ዶት ኮምን ገዝቶ ዋጋን በግልጽ አሳይቶ በኮሚሽን ወደሚሠራው ዘርፍ በስፋት ገብቷል፡፡ ደንበኛው ዋጋ የሚያቀርብበት አገልግሎት እ.ኤ.አ በ2016 ከአውሮፕላን ትኬት ሽያጭ የተነሳ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ከሌሎቹ አገልግሎቶች ቀርቷል፡፡ የሆቴሉን ስም ደብቆ በቅናሽ የመሸጡ ዘዴ ግን አሁንም ይሠራበታል፡፡ እናት ኩባንያው እ.ኤ.አ ከ2018 ጀምሮ ቡኪንግ ሆልዲንግስ የሚል ስያሜ ይዟል፡፡

ሆቴሎች ቅናሹን የሚቀበሉበት ምክንያት

የሆቴል ክፍል እንደ እህል ወይም እንደ ጨርቅ በመጋዘን ሊቀመጥ አይችልም፡፡ ዛሬ ባዶ ያደረ ክፍል ነገ ሁለት ጊዜ አይሸጥም፡፡ ለአብነት 20 ክፍሎች ያሉት፣ የአንዱን ክፍል ዋጋ 1 ሺህ ብር ያደረገ ሆቴል በአንድ ምሽት 12 ክፍሎችን ብቻ አከራየ እንበል፡፡ ለጽዳት፣ ለውኃና ለአንሶላ አጠባ በአንድ ክፍል የሚያወጣው ተጨማሪ ወጪ 200 ብር ቢሆን፣ ከቀሩት ስምንት ክፍሎች አንዱን በ600 ብር ቢሰጥ 400 ብር ያተርፋል፡፡ ባይሰጥ የሚያገኘው ምንም ነው፡፡

ይሁን እንጂ ሆቴሉ ቅናሹን በአደባባይ ቢያውጅ ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉት 12 እንግዶችም ቅናሹን ይጠይቃሉ፡፡ ስሙ ተደብቆ የሚካሄደው ጨረታ ያስፈለገው ለዚህ ነው፡፡ ባዶው ክፍል ይሸጣል፤ መደበኛው ዋጋም ሳይነካ ይቆያል፡፡

ከዚህ መረዳት የሚቻለው አሠራሩ የሚያዋጣው ሦስት ሁኔታዎች ሲሟሉ መሆኑን ነው፡፡ አንደኛ፣ በአንድ አካባቢ ተመሳሳይ ደረጃ ያላቸው በርካታ ሆቴሎች ሊኖሩ ይገባል፡፡ ሁለተኛ፣ ሳይያዙ የሚያድሩ ክፍሎች መኖር አለባቸው፡፡ ሦስተኛ፣ ደንበኛውም ሆነ ሆቴሉ በኢንተርኔትና በዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ መገናኘት ይኖርባቸዋል፡፡

የደባርቅ፣ የዳባትና የቡይት ራስ ሁኔታ

ደባርቅ ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፡፡ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫም ናት፡፡ ዳባት በጎንደርና በደባርቅ መካከል የምትገኝ ሲሆን፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሥነ ሕዝብ ክትትል ሥራ ለረጅም ዓመታት ተመራማሪዎችን ሲያመላልስባት ቆይቷል፡፡ በመሆኑም የሁለቱ ከተሞች ሆቴሎች እንግዶች ቱሪስቶች ብቻ ሳይሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንና ተመራማሪዎች ጭምር ናቸው፡፡

ቡይት ራስ ከባህር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በብዛት የሚታዩበት ሥፍራ ነው፡፡ በአካባቢው በአፍሪካ ከፍተኛው ሥፍራ ላይ የሚገኝ ሆቴል በመባል የሚታወቀው ስሜን ሎጅ ተገንብቶ ጎብኚዎችን ሲያስተናግድ ቆይቷል፡፡ ከዚህ አልፎ ወደ ፓርኩ ውስጥ ለሚዘልቅ መንገደኛ ያሉት ማደሪያዎች በዋነኛነት በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ የሚገኙት የድንኳን ሠፈሮች ናቸው፡፡

ከላይ ከተዘረዘሩት ሦስት ሁኔታዎች የመጀመሪያው በዚህ አካባቢ አይሟላም፡፡ የማደሪያዎቹ ቁጥር ጥቂት ከመሆኑም በላይ ደረጃቸው የተራራቀ ነው፡፡ በቡይት ራስ ለሚያድር እንግዳ የሆቴሉን ስም መደበቅ ትርጉም አይኖረውም፤ ሥፍራው ከተጠቀሰ ሆቴሉም ይታወቃልና፡፡

ሁለተኛው ሁኔታ የሚሟላው በወቅት ነው፡፡ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ተራራው በጉም ስለሚሸፈን የጎብኚው ቁጥር ያንሳል፡፡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ደረቅ ወራት ግን ይጨምራል፡፡ በተለይም ጥር 11 ቀን የሚውለው የጥምቀት በዓል ጎንደርን በእንግዳ ስለሚያጨናንቅ ወደ ስሜን የሚዘልቀው መንገደኛ ይበዛል፡፡ በእነዚህ ቀናት ቅናሽ የሚቀበል የሆቴል ባለቤት ማግኘት አዳጋች ነው፡፡

ሦስተኛውን በተመለከተ፣ የአገር ውስጥ ባንኮች የሚሰጧቸው የብር ካርዶች በአብዛኛው ለውጭ ድረ ገጾች ክፍያ አያገለግሉም፡፡ ግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎቶች በአገር ውስጥ ክፍያን ያቃለሉ ቢሆንም ከውጭ የጨረታ ድረ ገጾች ጋር የተያያዙ አይደሉም፡፡ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው የጸጥታ ችግር ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱም ክፍል የመያዙን ሥራ ሙሉ በሙሉ በመረቡ ላይ መጣል እንደማይቻል አሳይቷል፡፡

ከጨረታ ይልቅ የሚያዋጣው መንገድ

በግልጽ ዋጋ የሚሠሩት የክፍል ማስያዣ ድረ ገጾች ከሆቴሉ ኮሚሽን ይቀበላሉ፡፡ የኮሚሽኑ መጠን በብዙ ገበያዎች 15 በመቶ አካባቢ ነው፡፡ በዚህ ስሌት 1 ሺህ ብር የተከፈለበት ክፍል ለሆቴሉ የሚያስገባለት 850 ብር ነው፡፡ ደንበኛው በቀጥታ ስልክ ደውሎ በ900 ብር ቢስማማ ግን ደንበኛው 100 ብር ይቆጥባል፤ ሆቴሉም 50 ብር ተጨማሪ ያገኛል፡፡ አንዳንድ የኮሚሽን ውሎች ሆቴሉ በራሱ ድረ ገጽ ዝቅ ያለ ዋጋ እንዳያወጣ የሚከለክሉ ቢሆንም በስልክ ወይም በአካል የሚደረገው ድርድር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው፡፡

በመሆኑም ድረ ገጹ ለአካባቢው ተጓዥ የሚሰጠው ዋነኛ ጥቅም መረጃ ነው፡፡ የክፍሉን መደበኛ ዋጋ፣ ፎቶግራፉንና ቀደም ሲል ያደሩ እንግዶች የሰጡትን አስተያየት ካዩ በኋላ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ መደወል ይቻላል፡፡ በድርድሩ ወቅትም ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን የሚያካትት መሆኑን፣ ቁርስ መኖሩን፣ እንዲሁም ሙቅ ውኃ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስና መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር መኖሩን ማረጋገጥ ያሻል፡፡ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት የስሜን ደጋ እነዚህ ነገሮች ከኮከብ ደረጃው ይልቅ ተፈላጊ ናቸው፡፡

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከቱ ጉዳዮች

ስም ተደብቆ የሚካሄደው ጨረታ ለመንግሥት ግዥ አመቺ አይደለም፡፡ ገዥው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አቅራቢውን ማወቅ፣ አገልግሎቱን ከዝርዝር መግለጫው ጋር ማመሳከርና ሕጋዊ ደረሰኝ ማግኘት አለበት፡፡ በውጭ ድረ ገጽ የተከፈለ ሒሳብ የሆቴሉን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የያዘ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደረሰኝ አያስገኝም፡፡ ስብሰባው ሲራዘም ወይም ሲሰረዝ ገንዘቡ ተመላሽ አለመሆኑም ለኦዲት ጥያቄ ይዳርጋል፡፡

የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ የሚመራው አዋጅ ቁጥር 649/2001ን በተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ነው፡፡ በፌዴራል ደረጃ የተዘረጋው የኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓትም ጨረታን በኢንተርኔት ያካሂዳል፡፡ ይሁንና በዚህ ሥርዓት ዝርዝር ፍላጎቱ ለሁሉም ተጫራቾች በግልጽ የሚቀርብ ሲሆን፣ ዋጋ አቅራቢዎቹም ሆቴሎቹ ራሳቸው ናቸው፡፡ የክልል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በየክልላቸው የግዥ ሕግ ይመራሉ፡፡

አነስተኛ መጠን ላለው የመኝታ ግዥ በተለምዶ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፡፡ በትንንሽ ከተሞች ግን ፕሮፎርማ በየጉዞው መሰብሰቡ ብቻውን ዋጋን አይቀንስም፡፡ በዓመት ውስጥ ተደጋጋሚ ጉዞ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች የሚያስፈልጓቸውን የመኝታ ቀናት ደምረው በማዕቀፍ ስምምነት ቢገዙ የመደራደር አቅማቸው ያድጋል፡፡ የሥልጠና መርሐ ግብርን ከጥምቀት ሰሞን ማራቅ፣ በተቻለ መጠንም ሆቴሎች ሥራ በሚፈቱባቸው ወራት ማድረግ ሌላው የቁጠባ መንገድ ነው፡፡ መሥሪያ ቤቱ መኝታውን በቀጥታ በሚከፍልበት ጊዜ ከሠራተኛው ውሎ አበል የመኝታው ድርሻ መቀነሱን ማረጋገጥም ይገባል፡፡ አለበለዚያ ለአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ይከፈላል፡፡

ክፍያን በወቅቱ መፈጸም ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው፡፡ ሒሳቡን ለወራት የሚጠብቅ የሆቴል ባለቤት የመዘግየቱን ወጪ አስቀድሞ በዋጋው ላይ ይጨምራል፡፡ ወዲያውኑ የሚከፍል ደንበኛ ያለ ብዙ ድርድር ቅናሽ የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡

የቅናሹ ወሰን

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እ.ኤ.አ በ2017 ከመዝገቡ ወጥቷል፡፡ ይህም በአካባቢው የጎብኚዎች ፍሰት እንደሚያድግ ተስፋ የሰጠ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ በ2012 ዓ.ም የተከሰተው የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ የቀጠለው የጸጥታ ችግር የቱሪዝሙን ገቢ ክፉኛ ጎድተውታል፡፡ ከሆቴሎቹ ጋር አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች፣ ባለ በቅሎዎችና ምግብ አብሳዮችም ገቢያቸው ተቋርጧል፡፡

ባዶ ክፍል ያለው ሆቴል በችግር ጊዜ ማንኛውንም ዋጋ ሊቀበል ይችላል፡፡ ዋጋው የጽዳቱን፣ የውኃውንና የሠራተኛውን ደመወዝ የማይሸፍን ከሆነ ግን ሆቴሉ ውሎ አድሮ ሠራተኛ ይቀንሳል፤ ካልሆነም ይዘጋል፡፡ ሦስት ወይም አራት ተወዳዳሪ ብቻ ባለበት ከተማ አንዱ በተዘጋ ቁጥር የቀሩት ዋጋ የመወሰን አቅማቸው ያድጋል፤ ዛሬ በቅናሽ የገዛ መሥሪያ ቤትም በቀጣዩ ዓመት የበለጠ ለመክፈል ይገደዳል፡፡ በመሆኑም በደባርቅ፣ በዳባትና በቡይት ራስ ለመንግሥት በጀትም ሆነ ለአካባቢው የሚበጀው ዋጋ ኮሚሽንንና የክፍያ መዘግየትን አስወግዶ፣ የሆቴሉን ወጪ ሸፍኖ፣ የቀረውን ልዩነት ገዥና ሻጭ የሚካፈሉበት ዋጋ ነው፡፡