ሲዋክ፣ ጦስኝና የአሊዩ አምባ መንገድ

ለሶላት ስትዘጋጁ በእጃችሁ የምትይዟት መፋቂያ ምን ዓይነት ታሪክ እንዳላት አስባችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ አብረን እንውረድ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አሊዩ አምባ የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። ከታጁራ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጣ የሚያርፈው እዚህ ነው። አርጎባው፣ ሐረሪውና አፋሩ በገበያዋ ይገናኙ ነበር። (እውነቱን ካልደበቅን በአካባቢው ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር።)

በ1842 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በዚሁ መንገድ መጥቶ አሊዩ አምባ ተቀመጠ። እዚያው እያለም በንዳድ ታመመ። ያየውንና የሰማውን በ1844 ለንደን ውስጥ በሁለት ቅጽ አሳትሞታል። ልብ በሉ፤ ይህ የተማረ ሐኪም በሽታ አምጪ ስለሆኑት ባክቴሪያዎች የሚያውቀው ከመንደሩ ሰው የሚበልጥ አልነበረም። ሮበርት ኮህ አባ ሰንጋን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለይቶ ያስረዳው በ1876 ነው፤ ፔኒሲሊን የተገኘው ደግሞ በ1928። በጆንስተን ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት እጅ መታጠብን እንደ ግዴታ አይቆጥሩትም ነበር። ለሰጋጅ ጎረቤቶቹ ግን እጅን፣ አፍንጫንና አፍን በውኃ ማጽዳት የየዕለት ኢባዳ ነበር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በኡመታቸው ላይ እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ ለየሶላቱ ሲዋክን ባዘዙ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። በመጨረሻዋ ሰዓታቸው እንኳ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሲዋክ አኝካ አለስልሳ ሰጥታቸዋለች። አራክ የተባለው የሲዋክ ዛፍ ደግሞ ባሕር ማዶ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የአሊዩ አምባ ነጋዴ ይመላለስበት በነበረው የአዋሽና የአፋር ቆላ ይበቅላል። ደጋው ላይ ያለው ሰው ወይራን ወይም ክትክታን ይፍቅበታል።

በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት የሲዋክን ቁራጭ ባክቴሪያ ከሚያድግበት ሳህን በላይ አንጠልጥለው፣ ምንም ሳይነካካ፣ ባክቴሪያው እድገቱ ሲገታ አዩ። የሚተን ነገር አለ ማለት ነው። በ2011 ንጥረ ነገሩ ቤንዚል አይሶታዮሳይኔት መሆኑን ገለጹ፤ የድድ ሕመም ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹን ይገድላል።

የአንኮበርና የጣርማ በር ብርድ የሚያበቅለው ጦስኝም ተመሳሳይ ነገር አለው። ለሳል የምታፈሉት ይህ ቅጠል ሽታው የሚመጣው ታይሞልና ካርቫክሮል ከተባሉ ዘይታማ ንጥረ ነገሮች ነው፤ እነርሱም የባክቴሪያውን ሽፋን ይቀዳሉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው የሐኪም ቤት መድኃኒት ለምን?» ይላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሳህን ላይ ባክቴሪያ የገደለው የተጣራ ዘይት ነው፤ በስኒ ሻይ ውስጥ ያለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ተጠጥቶም ሳንባ ድረስ በበቂ መጠን ይደርሳል ማለት አይቻልም። ልጃችሁ ትኩሳት ይዞት ትንፋሹ ከፈጠነና ጎድን ጎድኑ ከገባ፣ ጦስኙን ትታችሁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ሕክምናን ፈልጉ ያሉት እኮ ራሳቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው።

በሌላ በኩል ቅጠሉን የሚያውቁት አባቶችና እናቶች እያለፉ ነው። የባህል ሐኪም ብዙውን ጊዜ ዕውቀቱን በምስጢር ለአንድ ልጁ ያወርሳል፤ ልጁ ከተማ ገብቶ ከቀረ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በቤታችሁ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ የቅጠሉን ስም፣ የሚቆረጥበትን ወቅትና መጠኑን ጠይቃችሁ ደብተር ላይ አስፍሩ፤ የሚጎዳውንም ጭምር።

ሲዋክ ስትገዙ ደግሞ እርጥቡን ምረጡ። የሚተን ንጥረ ነገር ስላለው ከርሞ በደረቀው ላይ ሊቀንስ ይችላል። ጫፉ ሲያረጅ ቁረጡትና አዲሱን አኝካችሁ አለስልሱት።