ዓሣ ማጥመድ (በወንዝና በሐይቅ)

ዓሣ ማጥመድ፥ በቀድሞው የቤተ ክህነት አነጋገር ማሥገር፥ በመንጠቆ፥ በመረብ፥ በወጥመድ ወይም በጦር ዓሣን ከውኃ የማውጣት ሥራ ነው። በወንጌል መረብ ደጋግሞ ሲነሣ መንጠቆ የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፥ ይኸውም ጴጥሮስ ለግብር የሚከፈለውን ገንዘብ ከዓሣ አፍ ያወጣ ዘንድ መቃጥን እንዲጥል በታዘዘበት ስፍራ ነው። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው በጨው አልባ ውኃ የሚደረገውን ማጥመድ ሲሆን፥ የአጥማጅ ጥበብ ሁሉ የውኃን ጠባይ ከማወቅ ስለሚነሣ፥ ዓሣ ከማይያዝበት ወንዝ መጀመር ይገባል።

የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፥ መካከሏን ሰንጥቆ የሚያልፈው የማሮዲ ጄሕ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ማሮዲ በሶማልኛ ዝሆን ማለት ስለሆነ፥ ዛሬ ፍየልና ግመል የሚሻገሩበት ይህ ሸለቆ በዱሮ ዘመን የማን መዋያ እንደ ነበረ ስሙ ይመሰክራል። በበልጉ ዝናም፥ ሶማሌዎች ጉ በሚሉት ወራት፥ ወይም በክረምቱ ከኮረብቶቹ ላይ ዶፍ ሲወርድ፥ ቡናማ ጎርፍ ቁጥቋጦና ድንጋይ እየጠረገ ድንገት ይደርሳል፤ ጥቂት ሰዓት አገር ካስጨነቀ በኋላም ወደ አሸዋው ይሰርጋል። ሰው ግን ውኃው እንዳልጠፋ ያውቃልና አሸዋውን ቆፍሮ ይቀዳል። መንጠቆ የሚጣልበት ጥልቅ ስፍራ በሌለበት በዚህ ወንዝ አጥማጅ የለም፤ በሐርጌሳ ገበያ የሚታየው ዓሣም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዔደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ከምትገኘው ከበርበራ የሚመጣ የባሕር ዓሣ ነው፤ ከብት አርቢው ሕዝብ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ከዓሣ ይልቅ የግመል ወተትና ሥጋ ይመርጣል።

ከሐርጌሳ ወደ ምዕራብ በጅጅጋና በሐረር በኩል የሚጓዝ መንገደኛ ከሐረር ከተማ አልፎ የሚያገኘው የሐረማያ ሐይቅ፥ ዓሣ ይያዝበትና ለሐረር የመጠጥ ውኃ ይቀዳበት የነበረ ሲሆን፥ በአንድ ወገን ለመስኖና ለከተማ የሚሳበው ውኃ በመብዛቱ፥ በሌላ ወገን ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ወለሉን በመሙላቱ፥ እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ደርቆ የከብት ሜዳ ሆኖ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለሱ የሚያስደስት ነገር ነው።

የማጥመድ ሥራ በሰፊው የሚታየው ግን በጣና ሐይቅና በገባሮቹ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ሲሆን፥ ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱን የሚገምት ሰው ይሳሳታል፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነውና። ከሐይቁ በታች ዓባይ 40 ሜትር ያህል በሚወድቅበት በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ምክንያት የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል፥ በናይል ውኃ ስሙ የገነነው የናይል ፐርች በጣና የለም። በዚህ መለየት የተነሣ በጣና አንድ ድንቅ ነገር ሆነ፤ ባላገሩ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚለው ወገን ከአንድ ዘር ተነሥቶ በአፉ ቅርጽ፥ በአካሉ ቁመትና በሚመገበው ነገር እየተለያየ ወደ 15 ዓይነት ተከፈለ። ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከነዚህ አንዳንዶቹን ለሳይንስ ያስታወቀ ሲሆን፥ በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ልዩነታቸውን በዝርዝር አስረዱ፤ ከ15ቱም ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ መሆናቸው፥ በአፉ ጥርስ ለሌለው ለዚህ ቤተሰብ ያልተለመደ ነው። በፊሊፒንስ ላናው በሚባለው ሐይቅ ተመሳሳይ ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ እርሱ ግን ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ጠፍቶአል።

ከነጭ ዓሣ ሌላ በጣና የሚያዙት ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። ቆሮሶ፥ በሌላ ስሙ ቲላፒያ፥ በዳርቻው ደንገልና ሣር አጠገብ በጥልቀት አልባው ውኃ ይውላል፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እስኪፈለፈል ስለምትጠብቅ፥ በዚያ ወራት የተያዘች አንዲት ቆሮሶ አፏን ስትከፍት ጫጩቶቿ ሲፈስሱ ያየ ሰው ትዝታው ቶሎ አይለቀውም። አፉ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆና ቀጭን የናይሎን ክር፥ ይኸውም ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር የሚሆን፥ ይበቃዋል፤ በመንጠቆው ላይም የመሬት ትል ወይም በደንብ የታሸ ሊጥ ይሰካል፤ ሊጡ ቀጥኖ እንደሆነ ግን ዓሣው ሳይነካው ውኃው ያጥበዋል። አምባዛ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቅርፊት የለውም፤ አፉ ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን በከበቡት ጢሞች ጨለማውንና ጭቃውን እየዳሰሰ በሌሊት ይሄዳል፤ ከአየርም መተንፈስ ስለሚችል ሌላ ዓሣ በሚሞትበት ረግረግ ውስጥ ይኖራል። እርሱን የሚፈልግ ሰው ወፍራም ክርና ትልቅ መንጠቆ አዘጋጅቶ፥ የሚሸት ሥጋ ወይም የከብት ሆድ ዕቃ ሰክቶ፥ እርሳስ አስሮ ወደ ወለሉ ያወርደዋል። በእጅ በተያዘ ክር የሁለቱ አነካከስ ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ ቆሮሶ ጥሬ በጣት ላይ እንደሚንጠባጠብ ቶሎ ቶሎ ይለቅማል፤ አምባዛ ግን ክሩን በዝግታ፥ ከባድ ነገር እንደሚጎተት አድርጎ ይዞ ይሄዳል፤ ጀማሪን የሚያመልጠውም በመጀመሪያው ንክኪ ቸኩሎ ስለሚስብ ነው።

በጣና የዓሣ ሥራ ጥንታውያን ባለቤቶች ወይጦ የሚባሉት ሰዎች ሲሆኑ፥ መጓጓዣቸው ከደንገል የሚታሰር ታንኳ ነው። ታንኳ ቀዘፋው ቀላል ሆኖ ዕድሜው አጭር ስለሆነ፥ ውኃ ጠጥቶ እንዳይከብድ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ወደ ዳር ጎትቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥም ሥራው በማለዳ ይጀመራል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ የሚደምቅ ሲሆን፥ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በሊቃውንትና በምእመናን ዘንድ አላበቃም።

ከጣና ውጭ ስላለው ባጭሩ፦ በአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በጫሞ ሐይቅና በጋምቤላ በባሮ ወንዝ የናይል ፐርች ይያዛል፤ ይህ ዓሣ ከሰው ክብደት በላይ ሊደርስ ስለሚችል ብርቱ ዘንግና ወፍራም ክር ይፈልጋል፤ በዚያው ውኃ ጥርሱ እንደ ምላጭ የሆነው ነብር ዓሣ ስለሚኖር ከመንጠቆው በላይ ሽቦ ማሰር ያስፈልጋል፤ አዞም ስላለ ዳር ላይ መንበርከክ አይገባም። በባሌ ተራሮች በብርዱ የወይብ ወንዝ፥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት ዛሬም አለ። የትራውት አጥማጅ ከላባ የተሠራ ሐሰተኛ ዝንብ በቀጭን ክር ወደ ጠራ ውኃ ይወረውራል፤ ጥላው በውኃው ላይ ከወደቀ ግን ዓሣው ይሸሻልና ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ መቆም ግድ ነው።

ወደ ጣና ስንመለስ፥ የወንዝ ጠባይ የሚታወቅበት ትልቁ ወቅት ክረምት ነው። ወንዙ እጅግ በደፈረሰ ጊዜ ዓሣ በዓይኑ ስለማያይ የሚሸት ምግብ ብቻ ይረዳል፤ ሙላቱ ሲጎድልና ውኃው መጥራት ሲጀምር፥ በመስከረምና በጥቅምት፥ ድፍርሱና ጥሩው በሚገናኙበት ወሰን ላይ፥ ከድንጋይ በስተጀርባ ባለው ጸጥተኛ ስፍራና በገባሩ አፍ ዓሣው ይሰበሰባል። ይህን የሚያውቅ አጥማጅ ባዶ እጁን አይመለስም። የሚያሳዝነው ግን ነጭ ዓሣ ወደ ጉማራ፥ ርብ፥ መገጭና ግልገል ዓባይ የሚወጣው ሊራባ መሆኑ ነው፤ ከነሐሴ ጀምሮ በገባሮቹ አፍ ተጠራቅሞ ጠጠር ወዳለበት፥ ፈጣንና ጥሩ ወደሆነው የላይኛው ውኃ ይወጣል፤ አጥማጁ በአንድ ስፍራ ብዙ የሚያገኘውም ሊቀጥል ያለው ትውልድ በዚያ ስለቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ረጅም የናይሎን መረብ ከገባ ወዲህ መረቡ በገባሮቹ አፍ መዘርጋት ጀመረ፤ በ1991 እና በ2001 የተደረጉት ምርመራዎች ሲነጻጸሩም የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በወንዞቹ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ሲበተን ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ይሰክራል፤ እንዲህ ያለ ማጥመድ ጥበብ ሊባል አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ የታየው እምቦጭም ቆሮሶ የሚራባበትን ዳርቻ ሸፍኖአል።

ጳጉሜን 3 ቀን፥ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፥ ሕፃናት በዝናም ሲጠመቁ፥ መጽሐፈ ጦቢትም ወጣቱ ጦብያ በመልአኩ ምክር በጤግሮስ ወንዝ የያዘውን፥ ሐሞቱ ለአባቱ ዓይን መድኃኒት የሆነውን ዓሣ ሲያነሣ፥ በዚያው ሳምንት ነጭ ዓሣ ከጉማራ ውኃ ጋር ይታገላል። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይወድቃል። ያ ጠጠርና አሸዋ ግን ለቤት መሥሪያ እየተጫነ ይወሰዳል፤ ጠጠሩ በተረፈበት ስፍራ ጫጩቱ ተፈልፍሎ እስኪበረታ በወንዙ ኩሬዎች ይሰነብታል፤ ቀጥሎም ውኃው ሳይጎድል ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል።