አንድ ሽቦ፣ ብዙ ስምምነት

ሽቦ መቀነስ አርዱዊኖ የሚነካኩ ልጆች ጣጣ ብቻ ይመስለናል። ጥያቄው ግን ከኮምፒውተርም ከሬዲዮም ይቀድማል፤ ወደ አገራችንም የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1809 ጀርመናዊው ሶመሪንግ በኤሌክትሪክ መልእክት ለመላክ ሲሞክር ለእያንዳንዱ ፊደልና አኃዝ የየራሱን ሽቦ መደበ፤ 35 ሽቦ ማለት ነው። እስቲ ይሄን ዘዴ ወደ እኛ እናምጣው። ከ1897 እስከ 1899 የተዘረጋው የሐረር–አዲስ አበባ የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ደግሞ የጨርጨር ተራሮች አሉ። ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ሽቦ እንዘርጋ ብንል 110,187 ኪሎ ሜትር! ምድርን በወገቧ ሁለት ጊዜ ተኩል ዞሮም ይተርፋል። ማን ይገዛዋል? የትኛው ግመልስ ይሸከመዋል?

መፍትሔው በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው፣ የሞርስ ዘዴ ፊደሉን በየሽቦው ከመበተን ይልቅ በጊዜ ደረደረው፤ አጭር፣ ረጅም፣ ዝምታ። አንድ ሽቦ ሁሉንም ፊደል በየተራ አሳለፈ። ሁለተኛው፣ ሽታይንሃይል በ1838 መሬት ራሷ እንደ መመለሻ ሽቦ እንደምታገለግል አሳየ።

የተቀነሰው ሽቦ ግን በነጻ አልሄደም። ላኪና ተቀባይ አስቀድመው መስማማት አለባቸው። አጭሩ ምን ያህል ነው? ረጅሙስ? ማን ይጀምራል? እኔ ይሄን ሳስብ ትዝ የሚለኝ በሚኤሶ ያልፍ የነበረው የድሮው ባቡር ነው። ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 የደረሰው ያ ሐዲድ ነጠላ ነበር። ወጪና ወራጅ ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነበር፤ አንዱ ገብቶ ይጠብቅ፣ ሌላው ያልፍ ነበር። የሁለተኛው ሐዲድ ወጪ ቀረ፤ በምትኩ ሰዓት ማክበርና በጣቢያዎች መካከል መነጋገር ግድ ሆነ።

ዛሬ ጭሮ ላይ ማይክሮኮንትሮለር ይዞ የተቀመጠ ተማሪም የሚገጥመው ይኸው ምርጫ ነው። ስምንት ቢት በስምንት ሽቦ በአንዴ መላክ ይቻላል፤ በአንድ ሽቦ በየተራ መላክም ይቻላል። ዩአርት የሚባለው መንገድ መላኪያ፣ መቀበያና ግራውንድ ይበቃዋል። ጊዜ የሚቆጥር ሽቦ ስለሌለው ግን ሁለቱ ወገኖች በፍጥነቱ፣ ለምሳሌ በሰከንድ 9600 ቢት ብለው፣ አስቀድመው ይስማማሉ። ኤስፒአይ ፈጣን ነው፤ አራት ሽቦ ይፈልጋል፣ መሣሪያ በተጨመረ ቁጥርም ብዙ ጊዜ አንድ መምረጫ ሽቦ ይጨመራል። ፊሊፕስ በ1982 ያወጣው አይቱሲ በሁለት የምልክት ሽቦ ብዙ መሣሪያ ያገናኛል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ አድራሻ አለው። የዳላስ ሴሚኮንዳክተር ዋን ዋየር ከግራውንድ ሌላ አንድ የዳታ ሽቦ ብቻ ይዞ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ በ64 ቢት መለያ ቁጥር ይጠራል።

እንግዲህ የሐረርጌ ቡና የተከማቸበትን መጋዘን አስቡ። በ10 ቦታ ሙቀት መለካት ተፈለገ እንበል። እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ ሦስት ሽቦ ከተሳበለት 30 ሽቦ ነው። ዲኤስ18ቢ20 የተባለው የዋን ዋየር ሴንሰር ከሆነ ግን አሥሩም በሦስት ሽቦ ላይ ይደረደራሉ። አንድ ልኬት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የቡና ክምር ሙቀት ደግሞ በሰከንድ አይገለባበጥም። ስለዚህ መዘግየቱ ምንም አይጎዳንም። ለስክሪን ወይም ለካሜራ ከሆነ ግን ሽቦ አትሰስቱ።

አንድ ነገር አትርሱ፦ በጋራ መስመር ላይ ሽቦው መሃል ላይ ከተቆረጠ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ ዝም ይላሉ። አንድ የቴሌግራፍ ምሰሶ ሲወድቅም እንደዚያው ነበር። ስለዚህ «ስንት ሽቦ ልቀንስ?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ «ምን ያህል መጠበቅ እችላለሁ? ቢበጠስስ ስንቱን አጣለሁ?» የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ።