ሁለተኛው ጉዳት

ወንድሜ ከዛፍ ወድቆ ኅብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖሯል። በመጀመሪያው ሰዓት የእግሩን ጣቶች ያንቀሳቅስ የነበረ ሰው፣ በማግስቱ ስለ ምን ተሳነው?

የመልሱን ጫፍ ያገኘሁት ከአሜሪካዊው ሐኪም ከአልፍሬድ ሬጂናልድ አለን ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በውሾች ኅብለ ሰረሰር ላይ ክብደት እየጣለ ጉዳቱን መረመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በስፍራው የተጠራቀመው ደምና ፍርስራሽ ሲወገድ እንስሳቱ የተሻለ እንደሚያገግሙ አስተዋለ፤ ከምቱ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ጉዳት እንዳለ ጠረጠረ።

ዛሬ ነገሩ ይበልጥ ተገልጧል። የቆሰሉ ሕዋሳት በኬሚካል ይጣራሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ። ፍርስራሹን ሊጠርጉ የመጡት ግን የተረፈውንም ነርቭ ይጎዳሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ብግነትን የሚያበርደው ሜቲልፕሬድኒሶሎን ታላቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር፤ በ2013 የወጣው የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ ግን ለዚህ ጉዳት እንዳይሰጥ መከረ። ያው የሚያቆስለው ሠራዊት ቁስሉን ያጸዳል፤ ይጠግናልም፤ በጅምላ ማገዱ ቀላል አይደለም።

ወንድሜ «ገላዬ ከዳኝ» ይላል። አልከዳህም እለዋለሁ፤ ሊያነሳህ ሲሮጥ ረገጠህ እንጂ።