ገለልተኛ

ቢስቲማ ገበያ ውስጥ ጭነት ያዘለ ግመል ሲመጣ «ገለል በሉ!» ይባላል፤ ሰው ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፣ ግመሉ ያልፋል። «ገለልተኛ» የወጣው ከዚሁ ነው። ቃሉ መራቅን እንጂ ፍትሐዊነትን አይናገርም፤ እኛ ግን ዳኛውንም «ገለልተኛ» እያልን ሁለቱን አቀላቅለናል።

ልዩነቱን ደሴ በደሟ ታውቀዋለች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ከአውሮፓ ጠብ ራሷን አግልላ ነበር። ነሐሴ 1927 ዓ.ም. የገለልተኝነት ሕግ አወጣች፤ መስከረም 1928 ጣሊያን ስትወረን ለሁለቱም ወገን መሣሪያ መሸጥ ተከለከለ። እኩል ይመስላል። ጣሊያን ግን መሣሪያዋን የምትሠራው ራሷ ናት፤ መግዣ ያጣነው እኛ ነን። ነዳጅ ደግሞ በእገዳው አልተካተተም። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የአሜሪካውያን ሚስዮን ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዘው ተኮሱ። አሜሪካ ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት መሆኗን አልተቀበለችም፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ቦምቡ ግን ወርዶ ነበር።

ስለዚህ ለዳኛው «የማያዳላ» ማለትን እመርጣለሁ፤ «ገለልተኛ» መንገድ ለቆ ለቆመው ይሁን።